ጣሪያቸው የሚነሳ የድሮ መኪኖች፦ ከጎጃም ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የድሮ መኪና እንደምወድ የሚያውቁ ሰዎች ከባሕር ዳር፣ ከደብረ ማርቆስ፣ ከፍኖተ ሰላም፣ ከእንጅባራ ይጠይቁኛል። ጥያቄዎቹ ይመሳሰላሉ። አንዱ ፎቶ አይቶ ጓጉቶ ነው። ሌላው አባቱ ያቆሙት ላንድሮቨር ግቢው ውስጥ አለ። አንዳንዱ ደግሞ ብየዳ ቤት በር ላይ ሆኖ «ጣሪያውን ላዘጋው ወይስ ይቅር?» ብሎ ይደውላል። ለዚህ ጥያቄ መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ይቅር። ምክንያቱን ከታች በሰፊው ጽፌዋለሁ።

ከዚህ በታች ያሉት የስሪት ዘመኖች እ.ኤ.አ. ናቸው። የኛን አቆጣጠር ስጠቀም ዓ.ም. እላለሁ።

ጣሪያው የሚነሳ ሲባል ምን ዓይነት ነው? ከኮንቨርቲብል በምን ይለያል?

በብዛት የምናውቀው ኮንቨርቲብል ጣሪያው ሸራ ነው። ሸራው በብረት አጥንት ላይ ተወጥሮ ወደ ኋላ ይታጠፋል። እዚህ የማወራላችሁ ግን ጣሪያቸው ጠንካራ ፓነል የሆነውን ነው። ፓነሉን ትፈቱታላችሁ፣ በእጃችሁ ታነሱታላችሁ፣ አንድ ቦታ ታስቀምጡታላችሁ።

ዓይነቱ ብዙ ነው። ከሾፌሩ ራስ በላይ ያለው ክፍል ብቻ ተነስቶ ከወንበሩ ጀርባ ወፍራም ቅስት የሚቀርለት ታርጋ ይባላል። ታርጋ ስል የሰሌዳ ቁጥሩን ማለቴ አይደለም፤ የጣሪያው ዓይነት ስም ነው። በጣሪያው መሀል ከፊት ወደ ኋላ የሚሄድ አንድ ዘንግ ቀርቶ ግራና ቀኙ ለየብቻ የሚነሳው ደግሞ ቲ-ቶፕ ነው። ከዚያ ሙሉ ጣሪያው እንዳለ የሚነሳ አለ። በ1963 የወጣው መርሴዲስ 230 ኤስኤል እንዲህ ነው። ጣሪያው መሀሉ ትንሽ ጎድጎድ ስለሚል ሰዎች ፓጎዳ ይሉታል። እሱን ለማንሳት ሁለት ሰው ያስፈልጋል።

ይህ ነገር ለምን ተፈለሰፈ?

ሁለት ምክንያት አለ። ሸራ ጣሪያ ይጮኻል፣ ያፈሳል፣ ይቀደዳል። ትልቁ ምክንያት ግን ፍርሃት ነው። በ1960ዎቹ አሜሪካ የመኪና ደህንነት ሕግ እያጠበቀች ነበር። ፋብሪካዎቹ መኪና ሲገለበጥ ሰው የሚጠብቅ ነገር የሌለው ክፍት መኪና ይከለከላል ብለው ሰጉ። ክልከላው አልመጣም፤ ስጋቱ ግን የመኪናውን ቅርጽ ቀየረው። ካዲላክ በ1976 ኤልዶራዶን «የመጨረሻው የአሜሪካ ኮንቨርቲብል» እየተባለ ሲሸጠው እንኳ ገና ያው ስጋት ነበር።

ፖርሽ መልሱን በመስከረም 1965 በፍራንክፈርት የመኪና ትርዒት አሳየ። 911 ታርጋ ከኋላው ሰፊ የማይዝግ ብረት ቅስት ነበረው። ስሙ የተወሰደው ከ1906 ጀምሮ በሲሲሊ ይካሄድ ከነበረው ታርጋ ፍሎሪዮ ውድድር ነው። ስሙ ከዚያ በኋላ ለዓይነቱ ሁሉ መጠሪያ ሆነ።

ግን ፖርሽ የመጀመሪያው አይደለም። እንግሊዞቹ በ1961 በትራያምፍ ቲአር4 ላይ ቋሚ የኋላ መስታወትና የሚነሳ የመሀል ፓነል አቅርበው ነበር። ቅርጹን የሠራው ጣሊያናዊው ጆቫኒ ሚኬሎቲ ነው። ፓነሉ መኪናው ውስጥ የሚገባበት ቦታ አልነበረውም። ስለዚህ ቤት ትተውት ሲወጡ፣ ዝናብ ቢመጣ ተብሎ ትንሽ ሸራ አብሮ ይሰጥ ነበር። ቲ-ቶፑን ደግሞ አሜሪካዊው ጎርደን ቡሪግ በ1951 የፈጠራ መብት አስመዝግቦበታል። ብዙ ተመርቶ መንገድ ላይ የወጣው ግን በ1968ቱ የአሜሪካ መኪና፣ በሼቭሮሌ ኮርቬት ነው። የኮርቬት መሐንዲሶች መጀመሪያ ያሰቡት ያለ መሀል ዘንግ ነበር። ቦዲው እየተጠማዘዘ ሲንቋቋ ጊዜ ዘንጉን ጨመሩ። ይህን ያዙልኝ፤ ስለ ጎጃም መንገድ ስናወራ ይመጣል።

በጣም ብርቅ የሚባሉት የትኞቹ ናቸው?

እኔን ብትጠይቁኝ መጀመሪያ የምጠራው ቶዮታ ስፖርትስ 800ን ነው። ከ1965 እስከ 1969 ተሠራ፤ ቁጥሩ 3 ሺህ ገደማ ብቻ ነው። ሞተሩ ባለ ሁለት ሲሊንደር፣ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ 790 ሲሲ። ክብደቱ 580 ኪሎ። የሚነሳው ፓነል አሉሚኒየም ነው፤ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ይገባል። የፖርሽ ታርጋ ገና ለሽያጭ ሳይቀርብ ይህ ትንሽ ቶዮታ ጃፓን ውስጥ ይሸጥ ነበር። ሥራውን የመራው ታትሱኦ ሃሴጋዋ ቀድሞ የአውሮፕላን መሐንዲስ የነበረ ነው። ያው ሰው ኋላ ኮሮላን ሠራ። በየከተማችን የምናያት ኮሮላና ይህች ብርቅዬ መኪና የአንድ ሰው እጅ አለባቸው ማለት ነው። ይህን ሳስብ ደስ ይለኛል።

ከጣሊያን ዲኖ 246 ጂቲኤስ አለ፤ ከ1972 እስከ 1974፣ በድምሩ 1,274። ላምቦርጊኒ ሲልዌት ደግሞ ከ1976 እስከ 1979 ተሠርቶ 60 እንኳ አልሞላም። የመጀመሪያዎቹ የፖርሽ ታርጋዎችም ይፈለጋሉ። የኋላ መስታወታቸው መስታወት ሳይሆን በዚፕ የሚከፈት ፕላስቲክ ነበር። ፕላስቲኩ ስለሚጠወልግና ስለሚሰነጠቅ ፋብሪካው ብዙም ሳይቆይ ወደ መስታወት ዞረ።

ሲወጡ ብዙ የነበሩ፣ ዛሬ ግን ጥቂት የቀሩ መኪኖችም አሉ። ፊያት ኤክስ1/9 ከ1972 እስከ 1989 ከ150 ሺህ በላይ ተሠርቷል። ሞተሩ ከወንበሩ ጀርባ ነው፤ ፓነሉ ከፊት ኮፈን ሥር ይገባል። ዝገት ግን ፈጀው። ፖርሽ 914ም፣ ከ1969 እስከ 1976፣ ከመቶ ሺህ በላይ ነበር። የእሱ ፓነል ፋይበርግላስ፣ ማለትም በመስታወት ክር የጠነከረ ፕላስቲክ ነው።

ሰው የሚረሳው ሌላ ብርቅ ነገር አለ። መኪናው ይገኛል፣ ፓነሉ የለም። አንዱ ጋራዥ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ቀርቷል፤ ወይ ቤት ሲቀየር ጠፍቷል። ቲአር4 ከነሙሉ ጣሪያው ማግኘት መኪናውን ከማግኘት ይከብዳል። ለዚህ ነው ፓነሉን ጠብቁት የምለው።

እኛ አገር፣ ጎጃም ውስጥ፣ እንዲህ ዓይነት መኪና አለ?

ዲኖ ፍለጋ ደንበጫ አትሂዱ። የዚህ ዘር የሆነ መኪና ግን ብዙዎቻችሁ አጠገብ ቆሟል። እሱም የድሮው ላንድሮቨርና የቶዮታ ላንድክሩዘር 40 ነው።

ላንድሮቨር በ1948 አምስተርዳም ላይ ሲታይ ጣሪያው፣ የበሩ የላይኛው ክፍል፣ የፊት መስታወቱ ሳይቀር የሚፈታ ወይም የሚታጠፍ ነበር። ቦዲው አሉሚኒየም ቅይጥ ነው። ጠንካራው ጣሪያ የተያዘው በቡሎን ነው። ቡሎኖቹን ፈትታችሁ አራት ሆናችሁ ብታነሱት ይወጣል። ከዚያ በብረት ቅስት ላይ ሸራ ይወጠርበታል። ላንድክሩዘር 40ም፣ ከ1960 እስከ 1984 የተሠራው፣ ጣሪያና ጎኑ በቡሎን ይፈታል። በገጠር ሥራ፣ በጤና ዘመቻ፣ በቅየሳ ሲያገለግሉ የነበሩ እነዚህ መኪኖች ከነጣሪያቸው ስላየናቸው ብቻ ጣሪያቸው የሚነሳ አይመስለንም። ይነሳል።

ስለዚህ ከታች ያለው ምክር ለታርጋና ለቲ-ቶፕ ብቻ አይደለም። ለአባታችሁ ላንድሮቨርም ይሠራል።

ከውጭ ማስገባት ይቻላል?

በአሁኑ ሁኔታ አታስቡት። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ግብር ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ የግል መኪና እንዳይገባ መወሰኑ ተነገረ። ስለዚህ ዓይናችሁን አገር ውስጥ ባለው ላይ አድርጉ። ሊብሬ ያለው፣ የሻንሲ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር የሚገጥም፣ ቢቆምም ያልተበላ መኪና ወርቅ ነው። ሊብሬው የጠፋ መኪና ምንም ቢያምር ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ትራንስፖርት ቢሮ ሂዱና ጠይቁ።

የኛን ክረምት ይችላል? ጣሪያው ያፈሳል።

በብዛት የምጠየቀው ይህ ነው። ባሕር ዳር በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርድ ነው። እንጅባራና ዳንግላ አካባቢ ዝናቡ ከዚያም ይረዝማል። እነዚህ መኪኖች የተሠሩት ለካሊፎርኒያ ፀሐይ ነው ብሎ ተስፋ መቁረጥ ግን ልክ አይደለም። ቲአር4 የተሠራው እንግሊዝ ነው፤ እዚያ ዝናብ ምን እንደሆነ ይታወቃል።

መጀመሪያ አንድ ነገር ተረዱ። ፋብሪካው ጣሪያውን የሠራው ጠብታ እንዳያልፍ ብሎ አይደለም። ጥቂት ውኃ ላስቲኩን አልፎ እንደሚገባ ያውቃል። ስለዚህ ከላስቲኩ ሥር ቦይ አበጀ። ከቦዩ ጥግ ቀጭን ቱቦ በምሰሶው ውስጥ ወርዶ ውኃውን መሬት ላይ ይጥላል። ቱቦው ክፍት እስከሆነ ድረስ የገባው ውኃ ይወጣል፣ እናንተ ምንም አታዩም።

የኛ ችግር የሚጀምረው በበጋ ነው። ከጥር እስከ ግንቦት አቧራው ቦዩ ውስጥ ይከማቻል። የሰኔ የመጀመሪያ ዝናብ ሲመጣ አቧራው ጭቃ ሆኖ ቱቦውን ይደፍነዋል። ውኃው መሄጃ ሲያጣ ወደ ውስጥ ይፈሳል። ባለቤቱ ጣሪያው ተበላሸ ይላል። ጣሪያው ግን ምንም አልሆነም፤ የተደፈነው ቱቦ ነው። ይባስ ብሎ ውኃው ምንጣፍ ሥር ገብቶ ወለሉን ያዝገዋል፤ እሱን የምታውቁት ከዓመት በኋላ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ግንቦት ላይ ፓነሉን አንሱ። ቦዩን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። በየጥጉ ቀዳዳው ላይ በትንሽ ብርጭቆ ውኃ ቀስ ብላችሁ አፍስሱ፤ በመኪናው ሥር መውጣት አለበት። ካልወጣ ለስላሳ የናይለን ገመድ እያሽከረከራችሁ አስገቡ። የብረት ሽቦ አታስገቡ፤ ቱቦውን ይበሳዋል። ጎሚስታው ጋ ያለውን ኃይለኛ አየርም አትልቀቁበት፤ ቱቦው ውስጥ ሆኖ ከመገጣጠሚያው ይላቀቃል፣ ከዚያ ምሰሶውን ሳይቆርጡ መመለስ አይቻልም።

ቱቦው ደህና ሆኖ አሁንም ካፈሰሰ የሚያፈስበትን ቦታ ፈልጉ። በላስቲኩ ላይ ጠመኔ ቀቡ። ፓነሉን ግጠሙና መልሳችሁ አንሱ። ጠመኔው ፓነሉ ላይ ያላረፈበት ቦታ ክፍተት ያለበት ነው። ከዚያ ደግሞ አንድ ሰው የእጅ ባትሪ ይዞ ውስጥ ይቀመጥ፣ ሌላው በጎማ ቱቦ ከታች ወደ ላይ ቀስ እያለ ውኃ ያፍስስ። ከላይ ከጀመራችሁ ውኃው ሁሉንም ያረጥብና የቱ እንደሆነ ይጠፋባችኋል።

ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው በሩ ነው። የነዚህ መኪኖች የበር መስታወት ዙሪያውን ክፈፍ የለውም፤ በቀጥታ የጣሪያው ላስቲክ ላይ ነው የሚያርፈው። የበሩ ማጠፊያ ሲበላ በሩ ይዘቀዝቃል፣ መስታወቱም ከላስቲኩ ይርቃል። ሰው አዲስ ላስቲክ ገዝቶ ቀይሮ አሁንም ያፈሳል ብሎ ያዝናል። ማጠፊያውን አስጠግኑ፣ የመስታወቱን ልክ አስተካክሉ፤ አሮጌው ላስቲክ ብቻውን ሊበቃ ይችላል።

ላስቲኩ ደርቋል። ግራሶ ልቀባው?

አትቀቡት። ግራሶ፣ የሞተር ዘይት፣ ቫዝሊን፣ ጋዝ፤ ሁሉም ከነዳጅ የሚወጡ ናቸው። ላስቲኩን ለጊዜው ያለሰልሱትና በኋላ ያሳብጡታል፣ ያላሽቁታል። በለስላሳ ሳሙና እጠቡት፣ አድርቁት፣ ከዚያ የሲሊኮን ቅባት በስሱ ቀቡት። ሲሊኮን ካጣችሁ የሕፃን ፓውደር ይሁን፤ ቢያንስ ላስቲኩ ፓነሉ ላይ እንዳይጣበቅ ያደርጋል። ከፍ ያለ አገር ላይ ስለምንኖር ፀሐያችን ላስቲክ ላይ ትጨክናለች። ጥላ ሥር ማቆም ከየትኛውም ቅባት ይበልጣል።

መካኒኩ «በብየዳ ዝጋውና ተገላገል» አለኝ። ላዘጋው?

ሰውየው ክፉ አስቦ አይደለም። በየክረምቱ ሲያፈስ አይቶ አዝኖላችሁ ነው። ግን እባካችሁ እንቢ በሉ።

ቲ-ቶፕና ታርጋ ብዙ ጊዜ ፓነላቸው ፋይበርግላስ ወይም መስታወት ነው። እነዚህ አይበየዱም። ስለዚህ የሚደረገው ፓነሉን ጥሎ ላሜራ ቆርጦ መለጠፍ ነው። ያን ጊዜ ፓነሉ ወደ ጓሮ ይጣላል፣ ላስቲኩ በእሳቱ ይቃጠላል፣ መያዣው መንጠቆ ይቆረጣል። ሦስቱም ተመልሰው የማይገኙ ዕቃዎች ናቸው።

ደግሞ ማፍሰሱ አይቆምም። የላይኛው ቢዘጋም ከታች ያለው ቦይና ቱቦ እንደተደፈነ ይቀራል። ውኃ በብየዳው ቀጭን ቀዳዳ ይገባል፣ ከላሜራው ሥር ይተኛል፣ ከውስጥ ይበላዋል። ከላይ ስቱኮና ቀለም ስላለ አይታይም። ስቱኮው መነፋት ሲጀምር ነገሩ አልፏል።

ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ነገርም አለ። ጣሪያው የተቆረጠ ቦዲ መንገድ ላይ ይጠማዘዛል። መሐንዲሱ ይህን አውቆ ወለሉንና ከበሩ ሥር ያለውን ጠርዝ አጠንክሮታል፤ ፓነሉን ግን ላስቲክ ላይ አስቀምጦ ትንሽ እንዲንቀሳቀስ ፈቅዶለታል። ብየዳ ይህን እንቅስቃሴ ይከለክላል። ጉድጓድ የበዛበት መንገድ ላይ ጫናው ሁሉ ብየዳው ጫፍ ላይ ይሰበሰባል፣ እዚያ ይሰነጠቃል። የፊት መስታወቱም አብሮ ሊሄድ ይችላል።

ክረምቱ ካስቸገራችሁ ሌላ መንገድ አለ። ፓነሉን በራሱ መቆለፊያ ግጠሙ። በላዩ ላይ ልኩን ጠብቆ የተሰፋ ሸራ አልብሱት፤ የጭነት መኪና ሸራ የሚሰፉ ሰዎች በቀላሉ ይሠሩታል። መስከረም ላይ ሸራውን ታወልቁታላችሁ፣ መኪናው ያው መኪና ነው። መኪናው ሳይነዳ የሚቆም ከሆነ ግን ፕላስቲክ አታልብሱት፤ ከሥሩ ላብ ይይዛል። ጥጥ ጨርቅ ይሁን፣ ከላዩ የቆርቆሮ ዳስ።

ላንድሮቨርም ቢሆን አይበየድ። አሉሚኒየምና ብረት ሲነካኩ፣ እርጥበት ሲጨመር፣ አሉሚኒየሙ ነጭ ዱቄት እየሆነ ይበላል። በቡሎኑ ሥር የላስቲክ ሮንደላ አስገቡ፣ የተበላውን ቡሎን በአዲስ ቀይሩ፣ ጣሪያው ከጎኑ ጋር በሚገናኝበት አዲስ ላስቲክ ዘርጉ። የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ፓነሉ ተሰብሯል። እዚህ የሚሠራው ይገኛል?

ፋይበርግላስ ከሆነ ይገኛል። ባሕር ዳር ላይ የሞተር ጀልባ የሚጠግኑ ሰዎችን ጠይቁ። የጣና ጀልባ የሚለጠፍበት ሬዚን (የሚደርቅ ፈሳሽ ፕላስቲክ) እና የመስታወት ጨርቅ ለመኪና ጣሪያም ያው ነው። አንድ ነገር ብቻ ንገሯቸው፤ ፓነሉ መኪናው ላይ ተገጥሞ፣ ልኩን እንደያዘ ይለጠፍ። መሬት ላይ ተለጥፎ ከደረቀ ትንሽ ይጠማዘዝና አይገጥምም።

መስታወት ከሆነ ተጠንቀቁ። ኮርቬት ከ1978 ጀምሮ የመስታወት ፓነል በምርጫ ይዞ መጥቷል። ይህ ዓይነት መስታወት በሙቀት የጠነከረ ነው፤ ከጠነከረ በኋላ አይቆረጥም፣ ሲነካ ዱቄት ይሆናል። ስለዚህ ቆራጩ ከሌላ መኪና ቆርጦ ሊያመጣላችሁ አይችልም። የቤት መስታወት ደግሞ ከራስ በላይ በጭራሽ አይደረግም፤ ሲሰበር ቢላ ነው። እስኪገኝ ድረስ ከፋይበርግላስ አሠሩ። አያምርም፣ ግን ሰው አይጎዳም።

ከፍታው ሞተሩን ይነካዋል?

አዎ፣ ጣሪያው ቢኖረውም ባይኖረውም። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ላይ ናት፤ ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ። የድሮ ካርቦራተር አየሩ መሳሳቱን አያውቅም፣ ቤንዚኑን እንደ ድሮው ያፈሳል። ጥቁር ጭስና ጥቁር ካንዴላ ካያችሁ ሞተሩ አልሞተም፤ የካርቦራተሩ ቀዳዳ በትንሽ ቁጥር ይቀየር። ውኃም ባሕር ዳር ላይ 94 ዲግሪ አካባቢ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ደግሞ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት የሚይዝ፣ ትክክለኛው መሆን አለበት። ክዳኑን በጨርቅ ጠቅልሎ መንዳት ሞተር መግደል ነው።

ዓባይ በረሃን ያልፋል?

ያልፋል፣ ከተዘጋጀ። ከደጀን እስከ ድልድዩ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው፤ ከዚያ ወደ ጎሐ ጽዮን ያንኑ ያህል ዳገት። ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ውረዱ። የድሮ ፍሬን ሲግል አይዝም። ዳገቱን ጠዋት ውጡ፤ በረሃው ቀን ላይ እሳት ነው። አስፋልቱ በመሬት መንሸራተት የተጣጠፈበት ቦታ ስላለ ፓነሉ ተገጥሞ፣ ተቆልፎ ይሁን። በ1984 በወጣው ኮርቬት ለምሳሌ ፓነሉ በአራት ቡሎን ነው የሚያዘው፤ ቦዲውን ለማጠንከር ይረዳልና ያለ እሱ ወጣ ገባ መንገድ አይመከርም።

ለሠርግ ጣሪያውን አንስተን ሙሽሮቹን ብናቆማቸውስ?

ይህን ጥያቄ ከባሕር ዳር ደጋግሜ እሰማዋለሁ። መኪናው ለሠርግ ይሁን፤ ከዚህ የሚያምር የሙሽራ መኪና የለም። ሙሽሮቹ ግን ቁጭ ይበሉ፣ ቀበቶም ይሰሩ። ያ ወፍራም ቅስት ሰው የሚያድነው መኪናው ሲገለበጥ ቀበቶ አስሮ ወንበሩ ላይ ላለ ሰው ነው። ለቆመ ሰው ምንም አያደርግለትም፤ ሾፌሩ ለአንድ ባጃጅ ድንገት ፍሬን ቢይዝ የቆመው ሰው ወደ ፊት መስታወቱ ነው የሚሄደው። ካሜራ የሚይዘው ልጅም እንዲሁ፤ እሱ በሌላ መኪና ይቅደም። ቬሎው ረጅም ከሆነ አጣጥፋችሁ ከእግር ሥር አድርጉት። ነፋስ ከወሰደው የኋላ ጎማ ላይ ሊጠመጠም ይችላል።

መቼና የት ነው ጣሪያ አንስቶ መንዳት ደስ የሚለው?

ከመስቀል በኋላ፣ ጥቅምት። ዝናቡ ወጥቷል፣ አቧራው ገና አልተነሳም፣ ጤፉ ማሳ ላይ ነው፣ አደዩ ከመንገዱ ዳር አላለቀም። ከደብረ ማርቆስ ወደ ሉማሜና የትኖራ ያለው ሜዳ በጠዋት ድንቅ ነው። ከቲሊሊ ወደ እንጅባራ ስትሄዱ ዘንገና ሐይቅ ጋ ቆም በሉ፤ ቅዝቃዜው ፊት ላይ ሲመታ ጣሪያ ለምን እንደሚነሳ ይገባችኋል። ጃኬት ያዙ፤ ሰው ፀሐይ አይቶ ይታለላል። ባሕር ዳር ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ማታ ማታ በሐይቁ ዳር ዘንባባ ሥር ቀስ ብላችሁ ሂዱ። ፒስታ መንገድ ላይ ግን ፓነሉን ግጠሙ፤ አቧራው ቦዩን በአንድ ጉዞ ይሞላዋል።

ከፍታ ላይ ፀሐይዋ ትጠብሳለች፣ ነፋሱ ስለሚያቀዘቅዝ ግን አይታወቃችሁም። ኮፍያ ያስፈልጋል፣ በተለይ ለልጆች።

ላየው ልሄድ ነው፤ ምን ልመልከት?

ፓነሉን አስነስታችሁ፣ በራሳችሁ እጅ መልሳችሁ ግጠሙት። «ኋላ አሳይሃለሁ» የሚል ሻጭ ፓነሉ አይገጥምለትም። ቀጥሎ ምንጣፉን ገልጣችሁ ወለሉን ዳብሱ፤ እርጥብ ከሆነ ወይም ከሸተተ ቱቦው ተደፍኖ ከርሟል። ከዚያ መኪናውን በአንድ በኩል በክሪክ ከፍ አድርጉና በሩን ክፈቱ፣ ዝጉ። በሩ ከተያዘ ወይም አልዘጋ ካለ ከበሩ ሥር ያለው ጠርዝ በዝገት ደክሟል። ጣሪያ የሌለው መኪና ሸክሙን የሚይዘው በዚያ ጠርዝ ነው፤ እሱ ከሌለ የተቀረው ሁሉ ቀለም ነው። ሞተር ይታደሳል፣ ወንበር ይሰፋል። ለዚህ ግን ልምድ ያለው የላሜራ ሰው ይዛችሁ ሂዱ፤ በየከተማው ጋሼ እየተባሉ የሚከበሩ የድሮ መካኒኮች አሉ፣ እነሱ ላሜራውን በጣታቸው አንኳኩተው ስቱኮውን ያውቁታል።

ፓነሉን ሳነሳው የት ላስቀምጠው?

ፋብሪካው ባዘጋጀለት ቦታ። በኤክስ1/9 ከፊት ኮፈን ሥር፣ በ914 ከኋላ፣ በድሮው ኮርቬት ከወንበሩ ጀርባ በቀበቶ ታስሮ። ያልታሰረ ፓነል ፍሬን ሲያዝ ጀርባ ይመታል። ቤት ስታስቀምጡት ግድግዳ ላይ አታቁሙት፤ በሙቀት ይጎብጣል። ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ብርድ ልብስ አንጥፋችሁ፣ ላስቲኩ ወደ ላይ ሆኖ ይተኛ። በጀርባው ላይ የሻንሲ ቁጥሩን በማይጠፋ ቀለም ጻፉበት። ቲ-ቶፕ አሜሪካ ውስጥ የሌባ ዓይን የሚያርፍበት ዕቃ ነበር፤ እዚህ ደግሞ ፓነል የሚጠፋው ቤት ሲጸዳ «ይህ ምንድን ነው?» ተብሎ ነው። የቤቱ ሰው ሁሉ ምን እንደሆነ ይወቅ።